የሁለት ቀን ልዩነት፦ ወጣት የበረዶ ሆኪ ተጫዋች “ተስፈኛ” የሚባለው እስከ መቼ ነው?

ኦስተን ማቲውስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 17 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ መስከረም 7 ቀን 1990 ዓ.ም ነው። ያደገው ሙቀት በበዛበት በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ቢሆንም፣ በበረዶ ሆኪ ጨዋታ ገና በታዳጊነቱ የብዙ መልማዮችን ዓይን ስቧል። በ2015 የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ዓመታዊ መድረክ ላይ ግን ስሙ አልተጠራም። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አልነበረም። ደንቡ ተመራጩ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት እንዲሞላው ያዝዛል፤ ማቲውስ ደግሞ 18 ዓመት የሚሞላው ከቀኑ ማለፊያ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነበር።

ሁለት ቀናት አንድ ዓመት አስጠበቁት። ወጣቱ የጥበቃውን ዓመት በከንቱ አላሳለፈም፤ ወደ ስዊዘርላንድ አቅንቶ ለዙሪክ ከተማ ቡድን ከአዋቂዎች ጋር በ36 ጨዋታ 24 ግቦችን አስቆጠረ። በ2016 የካናዳው ቶሮንቶ ቡድን በአንደኛነት መረጠው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 12 ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታውም አራት ግቦችን አስቆጠረ።

ይህ ታሪክ በስፖርቱ ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትንና ብዙ ወጣቶች የሚያዝኑበትን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ወጣት “ገና ተስፋ ያለው” የሚባለው ከመቼ እስከ መቼ ነው? መስመሩንስ የሚያሰምረው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት የስፖርቱን አሠራር በቅድሚያ መረዳት ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውና ሊጉ

የበረዶ ሆኪ በረጋ በረዶ ላይ፣ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት ስፖርት ነው። ከየቡድኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በኳስ ፋንታ ፐክ የምትባል ጠፍጣፋና ክብ የላስቲክ ቁራጭ በረጅም ዱላ ይመታሉ። በዓለም ቀዳሚ የሆነው ውድድር ናሽናል ሆኪ ሊግ ሲሆን፣ 32 ቡድኖች አሉት። ከእነዚህም ሰባቱ በካናዳ፣ ቀሪዎቹ በአሜሪካ ይገኛሉ። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዋሽንግተንና የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉባቸው የሊጉ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ጨዋታው በክረምት ወራት ከትምህርት ቤት ግቢ እስከ ሰፈር መናፈሻ ድረስ የልጆች የዕለት ተዕለት ወሬ ነው።

ስፖርቱ በተለይ በካናዳ ከገጠሩ ሕይወት ጋር የጠበቀ ትስስር አለው። ጎርዲ ሃው የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች የተወለደው በስንዴ አምራቿ ሳስካቸዋን ግዛት በምትገኝ ፍሎራል በተባለች ትንሽ የገጠር መንደር ነው። በአልበርታ ግዛት ቫይኪንግ በምትባል አነስተኛ ከተማ አቅራቢያ ከሚኖር የገበሬ ቤተሰብ ደግሞ ሱተር የሚባሉ ስድስት ወንድማማቾች ወጥተው ሁሉም በታላቁ ሊግ ተጫውተዋል። መልማዮች በቅዝቃዜ ወራት በየትንንሹ ከተማ የሚዞሩት እንዲህ ያሉ ልጆችን ፍለጋ ነው።

ቡድኖቹ ወጣቶችን የሚከፋፈሉት በየዓመቱ በሚካሄደው ድራፍት ነው። ምርጫው ሰባት ዙር አለው፤ እያንዳንዱ ቡድን በየዙሩ አንድ ተራ ስለሚደርሰው በአንድ ዓመት ከ220 ያላነሱ ወጣቶች ይመረጣሉ። ደካማ ውጤት የነበራቸው ቡድኖች ቀድመው የመምረጥ ዕድል ይሰጣቸዋል። የተመረጠ ወጣት ግን ወዲያው ተሰላፊ ይሆናል ማለት አይደለም። አብዛኛው ወደ ታዳጊ ሊግ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ አገሩ ተመልሶ ለዓመታት ይጠብቃል። “ተስፈኛ” የሚለው ስም የሚሰጠው በዚህ የጥበቃ ጊዜ ውስጥ ላለ ወጣት ነው።

የመጀመሪያው መስመር፦ የሽልማት ደንብ

በጽሑፍ ከሰፈሩት መስመሮች ሁሉ ግልጹ የካልደር ዋንጫ ደንብ ነው። ዋንጫው በሊጉ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በፍራንክ ካልደር ስም የተሰየመ ሲሆን፣ በስፖርት ጸሐፊዎች ድምፅ ለዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ይሰጣል። በደንቡ መሠረት ጀማሪ ለመባል ሦስት መስፈርቶችን ማሟላት ይገባል። ተጫዋቹ ከዚያ በፊት ባለ በየትኛውም አንድ የውድድር ዓመት ከ25 በላይ ጨዋታ ያላደረገ መሆን አለበት። በሁለት የተለያዩ የቀደሙ ዓመታት በእያንዳንዳቸው ስድስትና ከዚያ በላይ ጨዋታ ማድረግም አይፈቀድለትም። ከዚህም ሌላ ውድድሩ በሚጀመርበት ዓመት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 26 ዓመት ያልሞላው ሊሆን ይገባል። 26ኛው ጨዋታና 26ኛው ዓመት፣ ሁለቱም የጀማሪነት በር የሚዘጋባቸው ቁጥሮች ናቸው ማለት ነው።

ደንቡ ይህን መልክ የያዘው በአንድ ቀን አይደለም፤ አከራካሪ ገጠመኞች እየተደራረቡ ቀርጸውታል። ዌይን ግሬትስኪ በ1979 ወደ ናሽናል ሆኪ ሊግ ሲገባ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት 51 ግቦችን አስቆጥሮ 86 አመቻቸ፤ በድምሩ 137 ነጥብ በማስመዝገብ በሊጉ ከፍተኛውን ነጥብ ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋራ። የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ዋንጫ ግን ለሬይ ቦርክ ተሰጠ። ግሬትስኪ ቀደም ሲል ተፎካካሪ በነበረ ሌላ ሊግ አንድ ዓመት በሙያ ስለተጫወተ ጀማሪ አይደለም ተብሎ ነበር። በዕድሜ ልጅ የነበረው ተጫዋች በደንብ ነባር ሆኖ ተቆጠረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ተቃራኒው ተከሰተ። የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ማካሮቭ ለአገሩ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ካስገኘና ለዓመታት ከዓለም ምርጦች አንዱ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ካልጋሪ ቡድን መጣ። በ1990 ምርጥ ጀማሪ ተብሎ ሲሸለም 31 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለተኛ የወጣው ማይክ ሞዳኖ ደግሞ 19 ዓመቱ ነበር። ብዙዎች ይህ ዋንጫ የተፈጠረው ለልጆች እንጂ ለጎለመሱ ባለሙያዎች አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። የ26 ዓመት ገደብ የተጨመረው ከዚህ ክርክር በኋላ ነው።

ገደቡ ክርክሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም። ኬል ማካር በ2019 ለኮሎራዶ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በመደበኛው ውድድር ሳይሆን ለዋንጫ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ፍልሚያ ነበር። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለጀማሪነት ቆጠራ ስለማይያዝ በቀጣዩ ዓመት ጀማሪ ሆኖ ተወዳደረ፤ የ2020 ዋንጫንም ወሰደ። በታላቅ ፍልሚያ የተፈተነ ወጣት በመዝገብ ላይ ገና አንድም ጨዋታ እንዳላደረገ ተቆጠረ።

ሁለተኛው መስመር፦ ውልና ቦታ

ለቡድን አስተዳዳሪ የዋንጫው ደንብ ዋና ጉዳይ አይደለም። የእሱ ጥያቄ “ይህን ወጣት እስከ መቼ ልጠብቀው?” የሚል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሊይዝ የሚችለው የተጫዋቾች ውል ከ50 አይበልጥም፤ በዋናው ቡድን መዝገብ ላይ ደግሞ በመደበኛው የውድድር ወቅት ከ23 በላይ ተጫዋቾችን መያዝ አይፈቀድለትም። በየዓመቱ ሰባት ያህል አዳዲስ ወጣቶች ሲመረጡ ቀደም ሲል ከተመረጡት መካከል አንዳንዶቹ ቦታ መልቀቃቸው የማይቀር ነው። ውሳኔው የማሳ ጥበትን ይመስላል፤ አዲስ ዘር ለመዝራት የቆመውን ማንሳት ግድ ይላል።

ሰዓቱም ይቆጥራል። ለረጅም ዓመታት በሠራው ደንብ መሠረት ከካናዳ ታዳጊ ሊጎች የተመረጠ ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተፈረመለት ቡድኑ በእሱ ላይ ያለውን መብት ያጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባው ግን ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ሊጠበቅ ይችል ነበር። በአንድ ቀን የተመረጡ፣ በችሎታም የሚቀራረቡ ሁለት ወጣቶች የሄዱበት መንገድ ስለተለያየ ብቻ አንደኛው በ20 ዓመቱ ይወሰንበት ነበር፤ ሌላው እስከ 22 ወይም 23 ዓመቱ ጊዜ ያገኝ ነበር።

የመጀመሪያው ውልም የራሱ ቆጠራ አለው። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚፈርም ተጫዋች ደመወዙ ጣሪያ የተበጀለት የሦስት ዓመት ውል ይገባል። ተጫዋቹ 18 ወይም 19 ዓመቱ ከሆነና በዓመቱ ከአሥር ያነሰ ጨዋታ ካደረገ፣ ያ ዓመት ከውሉ አይቀነስም። በዚህም ምክንያት ብዙ ቡድኖች ወጣቱን ዘጠኝ ጨዋታ አሰልፈው ይመዝኑታል፤ ከአሥረኛው በፊት ይቆይ ወይስ ይመለስ የሚለውን ይወስናሉ። በእነዚያ ቀናት አንድ የ18 ዓመት ልጅ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ጨዋታ መካከል ሆኖ የወደፊት ሕይወቱን ይጠባበቃል።

መቸኮል የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ አካሉ ሳይጠነክር ከጎልማሶች ጋር የተጋፈጠ ወጣት በራስ መተማመኑን ሊያጣ ይችላል። አለመቸኮል ምን እንደሚያስገኝ በ1999 ድራፍት ሁለተኛና ሦስተኛ የተመረጡት መንትዮቹ ስዊድናውያን ሄንሪክና ዳንኤል ሴዲን ያሳያሉ። ሁለቱ ከምርጫው በኋላ አንድ ዓመት በአገራቸው ቆይተው ወደ ቫንኩቨር መጡ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤታቸው መጠነኛ ነበር። ቡድኑ ግን ታገሣቸው። ሄንሪክ በ2010፣ ዳንኤል በ2011 የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስመዝጋቢ ሆኑ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ነበር። በዚያው ድራፍት ከእነርሱ ቀድሞ አንደኛ የተመረጠው ፓትሪክ ስቴፋን በ455 ጨዋታ 64 ግቦችን አስቆጥሮ ከሊጉ ወጣ። የምርጫ ተራ የመልማዮችን ግምት ይናገራል እንጂ የተጫዋቹን ፍጻሜ አይናገርም።

ሦስተኛው መስመር፦ የሚጫወትበት ቦታ

ዕድሜን ብቻ ተመልክቶ መፍረድ የሚያሳስትበት ሌላው ምክንያት የተጫዋቹ ቦታ ነው። አጥቂዎች በአብዛኛው ቀድመው ይታወቃሉ። ተከላካዮች የተቃራኒን እንቅስቃሴ ቀድሞ ማንበብ ስላለባቸው ጊዜ ይወስዳሉ። ከሁሉም የሚዘገዩት ግብ ጠባቂዎች ናቸው። ከአንድ ቡድን የሚሰለፈው ግብ ጠባቂ አንድ ብቻ በመሆኑ ወጣቱ ተራ እስኪደርሰው በተጠባባቂነትና በታችኛው ሊግ ዓመታትን ያሳልፋል።

ለዚህ የቲም ቶማስ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1994 በ217ኛ ተራ ተመረጠ። ከቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በታችኞቹ ሊጎች፣ በፊንላንድና በስዊድን ሲጫወት ቆየ። በታላቁ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ 28 ዓመቱ ነበር፤ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው ከ30 ዓመቱ በኋላ ነው። በየትኛውም የተስፈኞች መስፈርት ስሙ ከመዝገብ የሚሰረዝበት ዕድሜ ካለፈ ቆይቷል። እርሱ ግን በ2009 እና በ2011 የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተባለ፤ በ2011 ቦስተን ዋንጫውን ሲያነሣም በ37 ዓመቱ የፍልሚያው ኮከብ ሆኖ ተመረጠ።

ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሚያዝያ የተዘራ፣ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ በመስከረም ሲታይ የሚሰበሰብ ነገር የለውም። ሆኖም ዝርያውን የሚያውቅ ገበሬ “አላፈራም” ብሎ አይነቅለውም፤ ቀድሞ ከሚደርሰው ሰብል ጋር በአንድ ቀንም አይመዝነውም። የሆኪ መልማይ ስሕተት የሚጀምረው ሁሉንም በአንድ ቀን ሊመዝን ሲነሣ ነው።

የልደት ወር የሚያሳድረው ጫና

መስመሩ ገና ከልጅነት ጀምሮ ሥራውን ይሠራል። በካናዳ የታዳጊዎች ሆኪ የዕድሜ ክፍፍል የሚደረገው በጃንዋሪ 1 ነው። በጃንዋሪ መጀመሪያ የተወለደ ልጅና በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ የተወለደ ልጅ በአንድ ክፍል ይመደባሉ፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት አለ። በዘጠኝ ወይም በአሥር ዓመት ልጆች መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት በቁመትና በጉልበት በግልጽ ይታያል። ትልቁ ልጅ “ጎበዝ” ተብሎ ወደተሻለው ቡድን ይገባል፤ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ልምምድ ያገኛል፤ በዚህም እውነተኛ ጎበዝ ይሆናል።

ካናዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊ በ1980ዎቹ በታዳጊና በከፍተኛ ሊጎች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ተጫዋቾች ከመጨረሻዎቹ ወራት ተወላጆች እጅግ በዝተው እንደሚገኙ ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት በድራፍት ከሚገባቸው ተራ ዘግይተው እንደሚመረጡና በኋላ ግን ከተጠበቀው በላይ ስኬታማ እንደሚሆኑ አመለከተ። መልማዮች ትልቅነትን ከጎበዝነት ጋር ያምታቱ ነበር ማለት ነው።

የማቲውስም ታሪክ ከዚህ አንጻር ሌላ ገጽ አለው። ሁለቱ ቀናት በ2015 ቢያዘገዩትም በ2016 ከተመረጡት መካከል በዕድሜ ከትልልቆቹ አንዱ አድርገውታል። በአንድ ድራፍት የሚመረጡ ሁለት ወጣቶች አንድ ዓመት ያህል ሊበላለጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ መልማይ ዕድሜን በዓመት ብቻ ሳይሆን በወርም ይቆጥራል።

መዛኙ ምን ይጠይቃል?

እንግዲህ አንድ ወጣት ገና ተስፈኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመወሰን ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያው ጥያቄ ወጣቱ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው የሚል ነው። ከእኩዮቹ ጋር የተቆጠረ 40 ግብ ከአዋቂዎች ጋር ከተቆጠረ 20 ግብ ሊያንስ ይችላል፤ ማቲውስ በስዊዘርላንድ ያስቆጠራቸው ግቦች ክብደት የተሰጣቸውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ካለፈው ዓመት ምን ያህል ተሻሻለ የሚለው ነው። በ21 ዓመቱ በማደግ ላይ ያለ ተጫዋች በ19 ዓመቱ ዕድገቱ ከቆመ ተጫዋች የበለጠ ተስፋ ሊኖረው ይችላል። ሦስተኛው፣ ጉድለቱ በጊዜ የሚሞላ ነው ወይ የሚለው ነው። ክብደትና ጉልበት በሥልጠናና በዕድሜ ይመጣሉ፤ ጨዋታን የማንበብ ብልሃት ግን በቀላሉ አይጨመርም።

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ማርቲን ሴንት ሉዊስ ያስተምራል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ በድራፍት ማንም አልመረጠውም። እርሱም እንደ ቲም ቶማስ የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር። በካልጋሪ የተሰጠው ዕድል አጭር ሆነ፤ በ2000 ዓመት ቡድኑ ለቀቀው፤ ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። ታምፓ ቤይ አስፈረመው። በ2004 በ94 ነጥብ የሊጉ ቀዳሚና የዓመቱ ኮከብ ሆነ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ካልጋሪ በዚያ የፍጻሜ ፍልሚያ የተሸነፈው በዚሁ በለቀቀው ተጫዋች ቡድን ነበር።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ዘግይቶ ያፈራ አንድ ተጫዋች ሲጠቀስ ሳያፈሩ የቀሩ ብዙዎች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። ቡድን ሁሉንም ሊጠብቅ አይችልም፤ መስመርም ያለ ምክንያት አይሰመርም። የካናዳ ታዳጊ ሊጎች ለአንድ ቡድን ከሦስት በላይ የ20 ዓመት ተጫዋቾችን አይፈቅዱም። ዓላማው ለታናናሾቹ ቦታ መክፈት ነው። በየመጸው ግን ጥቂት የማይባሉ የ20 ዓመት ወጣቶች ቦርሳቸውን ይዘው ከቡድናቸው ይሰናበታሉ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለእነዚህ ወጣቶች አንድ አዲስ በር ተከፍቷል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር በካናዳ ታላላቅ ታዳጊ ሊጎች የተጫወቱ ወጣቶችን ለረጅም ዘመን እንደ ባለሙያ በመቁጠር ሲከለክል ቆይቶ፣ በኖቬምበር 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ከ2025 የውድድር ዓመት ጀምሮ እንዲጫወቱ ፈቅዷል። ትናንት በ20 ዓመቱ “አብቅቶለታል” ይባል የነበረ ወጣት ዛሬ እየተማረ ተጨማሪ ዓመታት ሊጫወት ይችላል። በወጣቱ ጉልበትም ሆነ ችሎታ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው መስመሩ ነው።

ጉዳዩ የሚያስገነዝበውም ይህንኑ ነው። “ተስፈኛ” የሚለው ስም በወጣቱ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ሸላሚው በጨዋታ ብዛት፣ ቡድኑ በውል ዘመን፣ መልማዩ በዕድገት ፍጥነት ይሰፍሩታል። ስለዚህ አንድ ልጅ ከአንዱ መዝገብ ሲሰረዝ ወላጅም ሆነ አሠልጣኝ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው “በየትኛው መስፈሪያ ተሰፍሮ ነው?” የሚለውን ነው። መስፈሪያው የዋንጫ ወይም የውል ከሆነ የተዘጋው አንድ በር ነው። ልጁ ካለፈው ዓመት ዘንድሮ ተሽሎ ከተገኘ ግን በሌላ በር ሊታይ ይገባዋል።